ወተት የመሰለው ደም

(በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልተገኛችሁ ጎረቤቶች ስለጠየቃችሁኝ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ?

የተከበሩ ሊቀመንበራችን፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከቅዳሴ ወጥታችሁ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ሊቀመንበራችን «ሠላሳ ደቂቃ አለሽ፣ ከዚያ የድንኳኑን ጉዳይ እናነሳለን» ብለውኛል። አዲስ ድንኳን ስለመግዛት ከመነጋገራችን በፊት ድንኳኑ ቶሎ ቶሎ እንዳይተከል ብንነጋገር ገንዘብ ያዣችንም የሚከፋቸው አይመስለኝም። (ሳቅ)

ብዙዎቻችሁ «ሲስተር» ትሉኛላችሁ። እኔ ሲስተር አይደለሁም። ሐኪምም አይደለሁም። 31 ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ የሠራሁ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ሐኪም ሰውን ያያል፤ እኔ ሳይ የኖርኩት ቱቦ ነው። የሰው ፊት ይጠፋኛል፣ የደሙ መልክ ግን አይጠፋኝም። ስለዚህ ስለ መድኃኒት ጉዳይ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ የማወራችሁ ቱቦው ውስጥ ስላየሁት ነገር ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ የደም ቅባት ማለት ምን ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ምግብ ምን ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ እንቅስቃሴ ምን ያደርገዋል። ሦስት ብዬ አራት ከተናገርኩ ይቅር በሉኝ፣ እድሜ ነው።

ቀኑንም አስቡት። ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። እያንዳንዳችን ቤት ዶሮ እየታሰበ ነው። ቅቤ የገዛችሁ አላችሁ። እኔም ገዝቻለሁ። አልዋሻችሁም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። በአንድ ታሪክ ልጀምር።

ዓመታት አልፈዋል። ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አንድ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው መጣ። ደም ወሰድን። ደም ከተወሰደ በኋላ እስኪረጋ ትንሽ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ሴንትሪፊውጅ የሚባል የሚሽከረከር ማሽን ውስጥ እናስገባዋለን። ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ሴረም የምንለው ውሃው ይቀራል። የጤነኛ ሰው ሴረም ምን ይመስላል መሰላችሁ? ብርዝ። የጠራ፣ ቢጫ ያለ፣ ከቱቦው ማዶ ጽሑፍ የሚያስነብብ ብርዝ።

የዚያ ሰውዬ ቱቦ ሲወጣ ከላይ ያለው ወተት ነበር። ነጭ፣ የደፈረሰ፣ ጣት ከኋላው ብታደርጉ የማያሳይ ወተት። አጠገቤ የነበረችው ተለማማጅ ተማሪ «ቱቦው ቆሽሾ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ሰውዬው ነው» አልኳት። ማሽኑ ማንበብ አቅቶት ናሙናውን አቅጥነን ነው የለካነው። ትራይግሊሰራይዱ ከ1,000 በላይ ወጣ። መሆን የነበረበት ከ150 በታች ነው።

ተማሪዋ እንድታይ ብዬ ቱቦውን ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ስንከፍተው ከላይ ስልባቦት ይዞ ጠበቀን። አዎ፣ እናቶቻችን ወተት አፍልተው ሲያስቀምጡት የሚይዘው ዓይነት ስልባቦት። ከሰው ደም ላይ!

ሰውዬው ምን በልቶ ነበር? እንደማንኛችንም ፋሲካን በልቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ። ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ፣ በላዩ ላይ ቢራና አረቄ። ስኳር እንዳለበትም ያወቀው ያን ቀን ነው። ትራይግሊሰራይድ 500 ሲያልፍ፣ ይልቁንም 1,000 ሲደርስ፣ አደጋው ከልብ በፊት ቆሽት ላይ ነው። ቆሽት ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሰው ሆዱን ይዞ ሆስፒታል ይገባል። እኛ ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ያ ሰው ሳይናደድ ሊያርርበት ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ወተት ያስመሰለው ትራይግሊሰራይድ ነው። ኮሌስትሮል አይታይም! ኮሌስትሮሉ እጅግ ከፍ ያለ ሰው ሴረሙ ብርዝ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የጠራ፣ የሚያምር። ስንቱን እንዲህ ያለ ቱቦ በዓይኔ አይቼ «ይሄማ ጤነኛ ነው» ብዬ ማሽኑ አሳፍሮኛል።

ስለዚህ የደም ቅባት አንድ ነገር አይደለም። እደግመዋለሁ፤ የደም ቅባት አንድ ነገር አይደለም። ሰው «ኮሌስትሮል አለብኝ» ይላል። ኮሌስትሮል የሌለበት ሰው የለም። ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል፤ የሴሎቻችን ግድግዳም ሆርሞኖቻችንም ያለ እሱ አይሠሩም። ጥያቄው ምን ያህል ነው፣ በምንስ ተጭኖ ነው የሚሄደው ነው።

ወጥ ላይ ቅቤ ሲንሳፈፍ አይታችኋል። ቅባት ከውሃ ጋር አይስማማም። ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ቅባቱ በፕሮቲን ተጠቅልሎ፣ እንደ ጭነት ተጭኖ ነው የሚጓዘው። ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል ጭኖ በየሰፈሩ የሚዞር መኪና ነው፤ ሲበዛ ጭነቱን የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ያራግፋል። ልብ የሚዘጋው እዚያ ነው። ኤችዲኤል ባዶውን ወጥቶ የተራገፈውን ለቃቅሞ ወደ ጉበት ይመልሳል። ትራይግሊሰራይድ ደግሞ ነዳጅ ነው። ከበላነው የተረፈው፣ ጡንቻ ያልተጠቀመበት ነዳጅ።

ቁጥሩን የምትጽፉ ጻፉ። ኤልዲኤል ከ100 በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ160 በላይ ከፍተኛ ነው። 190 ካለፈ ሐኪም በዘር የመጣ እንደሆነ ያጣራል። ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ባያንስ። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች። እነዚህ በሚሊግራም ናቸው። ከአውሮፓ የመጣ ዘመዳችሁ «የእኔ 5 ነው» ቢላችሁ በእናንተ 200 አትደንግጡ። እነሱ የሚለኩት በሌላ መለኪያ ነው፤ የኮሌስትሮሉን ቁጥር በ39 ብታባዙት የእኛን ይሰጣችኋል።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ እኔን አይነካኝም» የሚል ማን አለ? አይዟችሁ፣ አላሳፍራችሁም። እኔም እል ነበር።

46 ዓመቴ ነበር። ላብራቶሪያችን አዲስ ማሽን ገባለትና ለመሞከሪያ የራሳችንን ደም ሰጠን። ታላቁ ሩጫን በየዓመቱ እሮጥ ነበር። ክብደቴ 54 ኪሎ። ባልደረቦቼን «እናንተ ተጠንቀቁ» እያልኩ አሾፍ ነበር። ውጤቱ ወጣ። ትራይግሊሰራይድ 82፣ ኤችዲኤል 64። አጨበጨብኩ። ኤልዲኤል 178።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? «ኬሚካሉ ተበላሽቷል» አልኩ። ደገምኩት። 176። በአሮጌው ማሽን ሞከርኩት። 180። እንግዲህ ሁለት ማሽን ተስማምቶ ሊዋሸኝ አይችልም።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ። ሩጫው ሥራውን ሠርቷል፤ ትራይግሊሰራይዱን አውርዶ ኤችዲኤሉን ከፍ አድርጎልኛል። ኤልዲኤሉን ግን አልነካውም። ለምን? ይሄን ለመመለስ ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ምግብ እንሂድ።

ጉበት ኤልዲኤልን ከደም ለቅሞ የሚያስገባበት በር አለው። ይሄንን በር ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ቅቤ፣ ጮማ፣ የሚረጋ ዘይት ስናበዛ ጉበት በሮቹን ይቀንሳል። በር ሲያንስ መኪናው ደጅ ያድራል። ደጅ ማለት የደም ቧንቧችን ነው። ሩጫ ይሄን በር እምብዛም አይከፍተውም። ምግብ ነው የሚከፍተው።

እኔ ደግሞ ከጎጃም እናቴ የምትልክልኝ ቅቤ አለ። በኮሰረት፣ በኮረሪማ የተነጠረ። ሽታው ከበር ይቀበላችኋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ውስጥ ከ7 እስከ 9 ግራም የሚሆነው ይሄ በር የሚዘጋው ቅባት ነው። የልብ ሐኪሞች ኤልዲኤሉ ከፍ ላለ ሰው በቀን ከ13 ግራም አካባቢ አትለፍ ይላሉ። ሁለት ማንኪያ ሳይሞላ ኮታው አለቀ ማለት ነው። እኔ ሽሮዬ ላይ ብቻ ሁለት ማንኪያ አደርግ ነበር!

እዚህ ጋ «ሠራተኛ ሰው ቅቤውን ያቃጥለዋል» የሚል አባባል አለ። አባቴም ይሉት ነበር። አንድ አገር ልንገራችሁ። ፊንላንድ ውስጥ ሰሜን ካሬሊያ የሚባል አካባቢ አለ። ሰዎቹ ገበሬዎችና እንጨት ቆራጮች ናቸው። በብርድ ሲቆርጡ ሲሸከሙ የሚውሉ፣ ጡንቻቸው የጠነከረ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በልብ ሕመም የሚሞቱ ወንዶች በብዛት ከሚገኙባቸው የዓለም ቦታዎች አንዱ ይሄ ነበር። ላም አርቢዎች ናቸው፤ ዳቦው ላይ ቅቤ፣ ወተቱ ከነቅባቱ፣ ምግቡ ሁሉ በቅቤ። ሲጋራም ያጨሱ ነበር፣ አልደብቅም።

ሕዝቡ ራሱ «መንግሥት ሆይ፣ አልቀናል» ብሎ አቤቱታ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፔካ ፑስካ የሚባል ወጣት ሐኪም የሚመራው ፕሮጀክት ተጀመረ። ምን አደረጉ? ሆስፒታል አልገነቡም። ወደ ባልትና ሴቶች ማኅበር ሄዱ! ማኅበሩ በየመንደሩ ግብዣ እያዘጋጀ ያንኑ የአገሩን ወጥ ሥጋውንና ቅባቱን ቀንሶ፣ አትክልት ጨምሮ ለሰው አቀመሰ። ዳቦ ላይ ቅቤ ቀረና በአትክልት ዘይት ተለወጠ። ሲጋራና ግፊትም ላይ ሠሩ። ከአርባ ዓመት በኋላ በዚያ አካባቢ በሥራ እድሜ ላይ ያሉ ወንዶች የልብ ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የወሰደው የኮሌስትሮሉ መውረድ ነው። እንጨት ቆራጩ ሥራውን ስላበዛ አይደለም። ሚስቱ ድስቱን ስለለወጠች ነው። እናቶች፣ ሰማችሁ? አባቶችም ስሙ፣ እናንተም ድስት መለወጥ ትችላላችሁ።

«እኛማ እንጾማለን» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ጾማችን ትልቅ ሀብት ነው። ቀርጤስ በምትባል የግሪክ ደሴት ያሉ ኦርቶዶክሶች ላይ በተደረገ ጥናት በጾሙ መጨረሻ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸውም ኤልዲኤላቸውም ወርዶ ተገኝቷል። ምስርና ሽሮ፣ ባቄላና አተር ራሳቸው መድኃኒት ናቸው ማለት ይቻላል፤ በየቀኑ አንድ ጥሩ ጭልፋ ጥራጥሬ ኤልዲኤልን በ5 በመቶ ያህል ያወርዳል። ግን እኛ አሁን የምንጾመው ጾም የአያቶቻችን ጾም ነው?

እስቲ ድስታችንን እንየው። ሽሮው በምን ዘይት ነው የተሠራው? ያ ሲበርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ በር የሚዘጋ ቅባት ነው። ከቅቤ ብዙም አይርቅም። በጠርሙስ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲቆም ካያችሁት ቅቤ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ኑግ ሌላ ነው፤ አይረጋም፣ አብዛኛው ቅባቱ ለጉበት በር ጥሩ የሆነው ዓይነት ነው። ኑግ ውድ ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግማሽ በግማሽ መቀነስ ግን ዋጋ አያስከፍልም። ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ አቁላልታችሁ ዘይቱን በኋላ ጣል አድርጉት።

ሌላም አለ። የጾም ኬክ፣ የጾም ብስኩት፣ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር፣ ለስላሳ። አንዱ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። ጉበት ትርፉን ስኳር ወደ ትራይግሊሰራይድ ይለውጠዋል። በሁዳዴ መጨረሻ ሥጋ ሳይቀምስ ትራይግሊሰራይዱ 300 የገባ ሰው በየዓመቱ አይ ነበር። «ጾመኛ ነኝ እኮ!» ይላል። ጾመኛነቱን ማሽኑ አልተጠራጠረም፤ ለስላሳውን ነው የቆጠረው። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼም፣ ረመዳን ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንዱ ወረደ አንዱ ወጣ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ተጹሞ ማታ የዘይት ሳምቡሳና ጣፋጭ ብቻ ከሆነ ደም የሚቆጥረው ማታውን ነው።

ጥሩውንም ልንገራችሁ። ገብስ። በሶ! ገብስና አጃ ውስጥ ያለው የሚያሟልጭ ቃጫ ኮሌስትሮልን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣል፤ በቀን 3 ግራም ከእሱ ከገባ ኤልዲኤል ከ5 በመቶ በላይ ሊወርድ ይችላል። ለተማሪ ልጅ አሽተን የምንሰጠው በሶ ለአባወራውም ይሆናል፣ ስኳሩን ካላበዛችሁት። ተልባም እንዲሁ ነው። እናቶቻችን ፋሲካ ሌሊት ከዶሮው በፊት «አንጀት ያለሰልሳል» ብለው ተልባ ያጠጡን ነበር። ያንን ልማድ ማን አስተወን? ለስላሳው አይደል?

እንቁላልስ ትሉኛላችሁ። እንቁላል ውስጥ ኮሌስትሮል አለ፤ ግን ለአብዛኛው ሰው የሚበላው ኮሌስትሮል ከሚበላው ቅቤ ያነሰ ነው ጉዳቱ። የዶሮ ወጡን እንቁላል ትቶ መረቁን በእንጀራ የሚጠርግ ሰው ተሳስቷል። ጠላቱ መረቁ ላይ ነው የሚንሳፈፈው።

አሁን ልትጠሉኝ ነው። ስለ ቡና ላውራ።

ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ በሚባል ከተማ ቡና የሚያበዙ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ግራ ተጋቡ። በኋላ ሲጣራ ነገሩ አፈላሉ ላይ ነው። እዚያ ቡናውን ከነዱቄቱ እያፈሉ ነበር የሚጠጡት። ቡና ዘይት አለው፤ ዘይቱ ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ነገር አለ፤ እሱ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። በወረቀት ሲጠለል ወረቀቱ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ከነዱቄቱ የሚፈላ፣ በወረቀት የማይጠለል ቡና የማን ነው? (ሳቅ) ጀበናውን ልነጥቃችሁ አልመጣሁም። ሲኒያችን ትንሽ ናት፣ እሱ ይረዳናል። ግን በቀን ሦስት ጊዜ አፍልታችሁ ከአቦል እስከ በረካ የምትቀመጡ፣ ኤልዲኤላችሁም ከፍ ያለ፣ ጀበናው በደንብ እስኪሰክን ጠብቁ፣ ከአንዱ ዙርም ተነሱ። አተላውንማ እባካችሁ ለእኔ አትቅዱልኝ።

እኔ በሦስት ወር ውስጥ ያደረግሁት ይሄንኑ ነው። ቅቤ ለበዓል ብቻ፣ ጠዋት በሶ ወይም አጃ፣ የሚረጋው ዘይት ከቤቴ ወጣ፣ ቡና በቀን ሁለት ሲኒ። ኤልዲኤሌ ከ178 ወደ 149 ወረደ። ሩጫዬን አልጨመርኩም አልቀነስኩም። የእናቴ ወንድም በ48 ዓመታቸው በድንገት ስለሞቱ ሐኪሜ «ምግቡ የሚችለውን አድርጓል፣ የቀረው የዘር ነው» ብሎ ክኒን ጨመረልኝ። አሁን 92 ነው። ክኒን መዋጥ ሽንፈት አይደለም። ክኒን እየዋጡ ቅቤ መዛቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ እንቅስቃሴ። ሰዓቴን እያየሁ ነው፣ ሊቀመንበር።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ጥናት አወጣ። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ናቸው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ቲኬት ቆራጩ በቀን ከ500 በላይ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ደሞዝ ሊባል የሚችል። የልብ ሕመም ሹፌሮቹ ላይ በዛ። ከዚያ «ምናልባት ሹፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወፍራም ይሆናሉ» የሚል ጥያቄ መጣ። ሞሪስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የደንብ ልብሳቸውን የሱሪ ወገብ ልክ አስለቅሞ አየ። እውነትም ሹፌሮቹ ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር። ግን ቀጭኑን ከቀጭን፣ ወፍራሙን ከወፍራም ጋር ሲያነጻጽርም ደረጃ የሚወጣው ተሻለ። እኔ ይሄን ሰውዬ በጣም ነው የምወደው። ማሽን የለውም፣ ሱሪ ነው የለካው።

ደማችን ውስጥ ምን ይሆናል? ጡንቻ ሲሠራ በዙሪያው ባሉ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ትራይግሊሰራይድን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይበዛል። ነዳጁን ከደም እየቆረጠ ለጡንቻ ያቀብላል። ይሄ ሥራ እርምጃው ካለቀ በኋላም አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይቀጥላል። ከዚያ ይቆማል። ስለዚህ የዛሬ እርምጃ ለሰኔ አይቀመጥም! በሳምንት አንድ እሁድ ሦስት ሰዓት ተሯሩጦ ስድስት ቀን መተኛት ለትራይግሊሰራይድ ብዙም አይጠቅምም። በየቀኑ ሠላሳ፣ አርባ ደቂቃ ይሻላል።

ፍጥነትስ? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት የሄዱት ርቀት ከፍጥነቱ ይበልጣል ብሏል፤ የደም ቅባቱ በደንብ የተሻሻለላቸው በሳምንት ብዙ ኪሎ ሜትር የሸፈኑት ናቸው። ስለዚህ እማማ፣ እንደ ልጆቹ መሮጥ የለብዎትም። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ቀስ ብለው ቢወጡ ይበቃል፤ ያቺ ዳገት ለማንም አታዝንም። ደረቱን የሚጫነው ወይም ሲራመድ ትንፋሽ የሚያጥረው ግን ዳገት ሳይሆን መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂድ።

አሁን ሁለቱን ላገናኝላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። 377 ወንዶችና ሴቶች፣ ኤልዲኤላቸው ከፍ ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለ። በአራት ተከፈሉ። አንዱ ምግቡን ብቻ ለወጠ። አንዱ እንቅስቃሴ ብቻ። አንዱ ሁለቱንም። አንዱ ምንም። ከአንድ ዓመት በኋላ ኤልዲኤላቸው ምንም ካላደረጉት በግልጽ ወርዶ የተገኘው ሁለቱንም ያደረጉት ብቻ ናቸው! ወንዶቹ በአማካይ 20 ሚሊግራም። ምግብ ብቻ የለወጡት ዝቅ ማለቱን ዝቅ አለላቸው፣ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። እኔ ያኔ ለምን እንደቀናኝ የገባኝ ይሄን ሳነብ ነው። ሩጫው ቀድሞ ነበረኝ፤ የጎደለው ምግቡ ነበር።

አራተኛ ነጥብ እንደሚመጣ አስቀድሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ስለ ዳይት ነው፤ ወጣቶቹ እዚያ ኋላ ስትንሾካሾኩ ሰምቻለሁ።

የወንድሜ ልጅ ከስልኩ ላይ ተምሮ «እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ በቃኝ» አለ። ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ብቻ። በአራት ወር 11 ኪሎ ቀነሰ። ሸንቀጥ አለ። ትራይግሊሰራይዱ ከ260 ወደ 95 ወረደ። «አየሽ አክስቴ!» ብሎ ወረቀቱን አመጣልኝ። ኤልዲኤሉን አላነበበውም። ከ130 ወደ 215 ወጥቷል። ውፍረቱ ሲሄድ፣ ስኳሩና ዱቄቱ ሲቀር ትራይግሊሰራይዱ ወረደ፤ የጉበቱን በር ግን በቅቤ ዘጋው። ያው የመጀመሪያው ነገር ነው፤ የደም ቅባት አንድ አይደለም። ሦስት ወር ተጨቃጭቀን ቅቤውን በኑግና በዓሣ ለወጠው። እንጀራ አሁንም አይበላም። ኤልዲኤሉ 140 ገብቷል። ታርቀናል።

ለሠርግ ብላችሁ በአንድ ወር የምትከሱም አላችሁ። በፍጥነት ስትከሱ ስብ ውስጥ ተከማችቶ የነበረው ኮሌስትሮል ወደ ደም ይወጣል፣ ኤችዲኤልም ለጊዜው ሊወርድ ይችላል። ያኔ ተመርምራችሁ «ዳይቱ አባሰብኝ» አትበሉ። ክብደታችሁ ረግቶ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ተለኩ። ከክብደታችሁ ከ5 እስከ 10 በመቶ እንኳ ብትቀንሱ ትራይግሊሰራይዱ በ20 በመቶ ያህል ይወርዳል።

ስለ ምርመራውም አንድ ቃል፤ ይሄኛው የሙያዬ ነው፣ ታገሱኝ። ኤልዲኤልን ብዙ ቦታ አንለካውም። እናሰላዋለን። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን እንቀንሳለን፣ ቀጥሎ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ እንቀንሳለን። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 ካለፈ ስሌቱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በፋሲካ ማግስት መጥታችሁ ቅባቴን ለኩልኝ አትበሉ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳትበሉ ኑ፤ ውሃ ይፈቀዳል። ከበዓል ሁለት ሳምንት ራቁ።

ፋሲካንስ እንዴት እንለፈው? ብዙ ሰው ቀድሞ ጠይቆኛል። ከከባድ ምግብ በፊት ባለው ቀን ረዘም ያለ እርምጃ ያደረገ ሰው ከምግቡ በኋላ የሚነሳው ትራይግሊሰራይድ በሩብ ያህል ሊቀንስለት ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተራመዱ። አክፍሎት የያዛችሁ አትሞክሩት፣ እናንተ ዕረፉ፤ የስቅለት ስግደትም ቀላል ሥራ አይደለም፣ ጉልበቴ እስከ ሰኞ ይመሰክራል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተልባውን መጀመሪያ። ዶሮው አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል። በላዩ የተንሳፈፈውን በጭልፋ ገፋ አድርጉት። ጥሬ ሥጋውን ለማግስቱ አቆዩት፤ በግ ሲሆን ጮማውን ለማን እንደምትሰጡት እናንተ ታውቃላችሁ። አረቄውን ግን ለማንም አትስጡት።

የምርመራ ውጤት ቤታችሁ ያለ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። ከስብሰባው በኋላ እዚያ በሩ አጠገብ፣ ቡናው ጋ ነኝ። ሁለተኛ ሲኒ እንዳትቀዱልኝ።

ሊቀመንበር፣ ሰባት ደቂቃ አልፌያለሁ። አመሰግናለሁ። ድንኳኑን ቀጥሉ።